ሦስት ነጥብ

ዐሥራ ስድስት ዓመት፣ አጅማን ገበያ መሐል፣
የሰው ስም ስጽፍ ኖርኩ፣ በዐረቦች ፊደል፤
ጤናው በዚህ በኩል፣ ኢቃማው ድልድይ ማዶ፣
ሰው ሲሮጥ ይውላል፣ ወረቀት ይዞ፣ ሆዱ ባዶ።

አሁን ግን በር አንድ ነው፤ ሁሉም በስልክ ሆነ፤
ቢሮው ሁሉ ገብቶ አንድ ቋት ውስጥ ተከደነ።
ወንበሬን ሳጣጥፍ፣ በሩን ልዘጋው ስል፣
ዘውድነሽ ገባች፣ ስልኳን እንደ ቁስል
በሁለት እጅ ይዛ።

«ነስሩ፣ አውራ ጣቴን አላውቀውም አለ።»
ከየት ይወቀው?
በረኪና በልቶታል፤ መስመር የሚባል የለው፤
መስኮት ሲወለውል የኖረ ጣት
መስኮት ሆኖ ቀርቷል።

በስሟ ፈለግሁ።
ሦስት ሰው ወጣ።

ፓስፖርቱ ጋ ዘይነባ፣ ደላላው ያወጣላት፣ አራት ዓመት ጨምሮ፤
ሆስፒታሉ ጋ ዘውድነሽ፣ የደሟ ዓይነት ኦ፤
ሥራ ቢሮው ጋ ዘውድነስ፣ ከጎኗ በቀይ «የጠፋች»።

ቢሮዎቹ ሳይተዋወቁ ሦስቱም በሰላም ኖረው ነበር፤
ዛሬ አንድ ቋት ውስጥ ተገናኝተው
አንዷ ሌላዋን «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» ትላለች።

ዘውድነስን አውቃታለሁ።
የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ ጁምዓ ቀን፣ አዛን ሲል፣ በጥድፊያ፣
ከ«ሽ»ዋ አናት ላይ ሦስት ነጥብ ረስቼ፣
ዐሥር ድርሃሜን ግን ሳልረሳ።

ስክሪኑ «ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ» ይላል።
ዘውድነሽ በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብላ አየች፤
«ደመወዙ» አለች፣ «የትኛዋ ጋ ነው ያለው?»

ዝም አልኩ።
ያጠፍኩትን ወንበር መልሼ ዘረጋሁላት።