ሁለት ሚሊ ሜትር

ልደታ ላይ ባቡር ሲያልፍ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤
የልብ ምት ጻፊው ብዕር መስመሩን ስቶ ይዘላል።
«ቆይ» ትላለች እማዋይሽ፣ «ይሄ የጥንቸሏ አይደለም፣
የባቡሩ ነው፤ ይለፍ።» ቆመን እንጠብቃለን፣ ዝም።

ደረቷ ተላጭቷል፤ አንገቷ ላይ ቁጥር አለ፣ አሥራ አራት።
ስም ማውጣት ክልክል ነው፤ ስም ያለው ይበላል አንጀት።
መድኃኒቱን በጆሮዋ ደም ሥር ቀስ አድርጌ ገፋሁላት፤
የሳንባን ተባይ አሳዳጅ፣ ብዙ ሰው ያዳነ ነው፣
ግን በሩጫው የልብን ደጅ ገፍቶ እንደሁ የሚያልፈው
ማን ያውቃል?
ይህችን ነው የምንጠይቃት።

ባቡሩ አለፈ። ወረቀቱን ዘርግቼ በማስመሪያ ለካሁ፣
ልቧ ጨብጦ እስኪፈታ ያለችውን ቅጽበት ቆጠርሁ፤
ከጠዋቷ ትረዝማለች፣ በሁለት ሚሊ ሜትር።
ሁለት የጤፍ ፍሬ ናት፣ ጎን ለጎን ቢደረደር።

ወንድሜ ሽመክት ይህንኑ ክኒን
ተክለ ሃይማኖት ጤና ጣቢያ፣ ነርሷ እያየችው ይውጣል።
አራተኛ ወሩ ነው። ሳሉ ለቆታል፣
ቀበቶውን በአንድ ቀዳዳ አላልቷል።
ትናንት ግን ደረጃ ሲወጣ ዓይኑ ጨለም አለበት፤
«ቁርስ ሳትበላ ነው!» ብዬ ተቆጥቼ መለስሁት።

እንደገና ለካሁ። እንደገና። ያው።
አሥራ አራት ጎመኗን ትቆረጥማለች፣ ምን ገዷት።
«ስንት ልጻፍ?» አለች እማዋይሽ፣ እርሳሷን አሹላ።
እኔ ጆሮዬ ሃዲዱ ላይ ነው፤
ባቡሩ ዛሬ ምነው ዘገየ?