ይህ ሣጥን ባዶ አይታለፍም

ሰንጋ ተራ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ መስኮት የሌለው ክፍል፤
ሰርቨሩ እንደ ጾመኛ ሆድ ሌት ተቀን ያጉረመርማል።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁልፉ በእኔ እጅ ኖረ፤
የሚጠይቀኝ አልነበረም፣ ማን ገባ? ማንስ አደረ?
ይለፍ ቃሉን የማውቅ እኔ፣ ይለፍ ባዩም እኔው ነኝ፤
ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር «ጋሽ ንጋቱ፣ ተዘጋብኝ»
እያለ ደጅ ይጠናኛል።

ፌቨን መጣች ከኦዲት። ሃያ አራት ቢሞላት ነው፤
መመሪያውን ልታነብልኝ ማስቲካዋን ጉንጯ ውስጥ ወተፈችው፦
«ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ሥልጣን የሚባል የለም፤
ሲያስፈልግዎ ይጠይቃሉ፤ አንድ ሰዓት ነው፣ አይረዝምም።
የነኩት ሁሉ ይቀረጻል።»
«ሌባ ነኝ?» አልኳት፣ ደሜ ፈልቶ።
«እኔም ብሆን ብቻዬን አልገባም» አለች፣ ፊቷ ቀልቶ።

«ሲሾም ያልበላ» የሚሉት ተረት እኔን አይመለከትም፤
ቤቴ ዛሬም የኪራይ ነው፤ የሰው ሳንቲም አልነካሁም።
ግን

አንድ ሰሞን፣ እናታችን ጥቁር አንበሳ ተኝታ፣
ወንድሜ ዘለቀ «የለኝም» አለኝ፣ ጠዋትም ማታ።
ዘመድ ፊት «ስስታም!» ብዬው፣ በሌሊት ቢሮ ተመለስኩ፤
ደንበኝነቱ እኛው ጋ ነው። ሒሳቡን ገልጬ አነበብኩ፦
ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ብር
ከሠላሳ።

ያየሁበትን መስመርም ከመዝገቡ ላይ ፋቅኩት።
ያኔ ማን ሊያየኝ?
ዘለቀን ግን ይቅርታ ልለው፣ ስንቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤
«ምን አወቅህ?» ቢለኝስ? «ከየት?» ቢለኝስ?
ሰባት ፋሲካ አለፈ። ቅርጫ አብረን እንገባለን፤
ስለ ሥጋው ዋጋ ብቻ እናወራለን።

ዛሬ ዲስኩ ሞላ። ቅጹን ከፈትኩ። ስም። ሰዓት።
ምክንያት።
«ይህ ሣጥን ባዶ አይታለፍም» ይላል በቀይ።
«ዲስክ ሞልቷል» ብዬ ላኩና ቆምኩ ኮሪደሩ መስኮት ላይ፤
ባቡሩ ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር ሲንፏቀቅ፣
ወያላው ከታች ሲጮህ፣ የፌቨንን እሺታ ስጠብቅ፣
(ምሳ ላይ ናት፤ ከስልኳ ነው የምትፈቅደው)
ያቺ ጠባብ ሣጥን ያን ሌሊት ብትኖር፣ አልኩ፣
ምን ነበር የምሞላው?
«ወንድሜን ስላላመንኩት»?
ጣቴ እሱን ይጽፍ ነበር?

አራት ደቂቃ። ተፈቅዷል።
አንድ ሰዓት ተሰጠኝ።
ዲስኩን ለማጽዳት አሥር ደቂቃ ይበቃኛል።