ለበሬ ልክ የሆነ ጋሪ

ኮብልስቶኑ ከመስጊዱ አጥር ሥር ላይ ያበቃል፤
ከዚያ ወዲያ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይዞ ይጠይቃል።
ሁለት ዓመት ይኼን ዳገት አንሳርን ይዤ በትከሻዬ፣
ጆሮዬን እንደ ልጓም ጨብጦ፣ «ሂድ!» እያለ ከላዬ፣
ወጥቼዋለሁ። ዛሬ ግን ሰቦንቱ ሰባት ወሯ ነው፤
የእኔም ወገብ ጎንበስ ስል የበር ማጠፊያ ድምፅ አለው።

የፊተኛው ጋሪ ከአክስቷ የመጣ ስጦታ ነበር፤
ጎማው ሎሚ የሚያክል፣ ለሳሎን ምንጣፍ የሚያምር።
ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ቦዩን ስንሻገር፣
አንዱ ጎማ እዚያው ቀረ። ፈለግን። ምን ዋጋ አለው፣
ጎርፉ ለአወይቱ ወንዝ አስረክቦ ጨረሰው።

ሐሙስ ወደ ሕርማታ ወረድን። ቁጥራችንን ለጠየቀ
«ለአራት ሩብ ጉዳይ» ስትል ሰቦንቱ፣ ባጃጁ ሁሉ ሳቀ።
ኪሴ ውስጥ ሲባጎ አለ፣ ሁለት ቦታ የተቋጠረ፤
የቤታችን በር ስፋት ነው፣ በሌሊት ተለክቶ የታሰረ።
አናጢ ነኝ። የሰውን በር ሰፊ አድርጌ እሠራለሁ፤
የራሴን ግን በወንደላጤ ልክ፣ እንጨት ቆጥቤ፣ ቆርጫለሁ።
አንድ ፍራሽ፣ አንድ የመጋዝ ሣጥን ያስገባል፤ ምን ሊቸግር?
ቤት እንደ ልጅ ሸሚዝ እንደሚያጥር ያኔ የነገረኝ አልነበር።

ሙዘይን ሱቁን ከፈተልን። ከፍራሽና ከሳፋ መሐል
ጋሪ በጋሪ ላይ ቆሟል። «ይኼ ሁለት ያስቀምጣል፣
ጎን ለጎን ነው።» ሲባጎዬን ዘረጋሁ፤
ከበሬ በስንዝር ይበልጣል።
«ይኼስ? የከተማ ነው፣ ቀላል፣ በአንድ እጅ ይታጠፋል።»
ሰቦንቱ ጎማውን በአውራ ጣቷ ነካች፦ «ሎሚ ነው። ከቦይ ያልፋል?»

ሦስተኛው ከኮርኒስ ላይ ተሰቅሏል፣ አቧራ የለበሰ፤
ሦስት ጎማ፣ እውነተኛ ካላማዳሪ፣ በፓምፕ ነፋስ የጎረሰ፣
ከሥሩ ሞላ፣ ከእጀታው ፍሬን። ዋጋውን ሲነግረን ግን
ከሁለት አልጋ ትርፍ ይበልጣል፤ ዝም ተባባልን።
አንሳር ፍሬኑን አገኘው፤ ያዘ፣ ለቀቀ፣ ያዘ፣ ለቀቀ፤
«ልጁ ገዛ» አለ ሙዘይን፤ የእኔ ግንባር ላብ አፈለቀ።

«ባዶ ጋሪ ሁሉ ይሮጣል» አለች እሷ። «ጭነት እንሞክር።»
ከጎረቤት አሥራ ሰባት ኪሎ አቮካዶ ተዋስን፣ በቁጥር።
አንሳር አሥራ ሦስት፣ የሚመጣው አራት፤ እሷ ናት ያሰላችው።
ሻርፗን አልብሳ፣ ቀበቶውን አስራ፣ ወደ ጭቃው ገፋችው።

በድንጋዩ ላይ ተንገጫገጨ። በኩሬው ዋኝቶ ወጣ።
የሽንኩርት ነጋዴው ሳይቀር ሚዛኑን ትቶ ሊያይ መጣ።
አንዲት ባልቴት ሻርፑን ገልጠው፣ አረንጓዴውን ፊት አዩና
«ማሻአላህ፣ አባቱን ይመስላል» አሉ፣ በሙሉ ጽሞና።

ሁለት አቮካዶ ብቻ ፈረጠ። የቀረውንም ገዛን፤ ያሳፍራል።

ሙዘይን ትንሽ ቀነሰ። ግማሹን በእጅ፣ ግማሹን
በመደርደሪያ ልከፍል፤ ለክቼለት ወጣሁ ሱቁን።
መቀመጫው አንድ ነው። ከኋላው የዋንዛ ጣውላ እገጥማለሁ፤
ታናሹ ሲቀመጥ አንሳርን እዚያ ላይ አቆመዋለሁ።

ማታ፣ ከመስጊዱ በላይ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
«አልቀመጥም» አለ አንሳር፤ ፈለገ እሱው ሊገፋ።
ፍሬው ተቀምጦ፣ እኛ ሦስታችን በእግር።
ሰቦንቱ እጀታውን ይዛለች፤ እሷ ጋሪውን፣ ወይ ጋሪው እሷን ይደግፍ፣
አልለየሁም። ብቻ እንደ ወትሮው አልቆመችም ለማረፍ።

በሩ ላይ ደረስን። በሱቁ የለካሁትን አላመንኩም፤ ፈራሁ።
የፊት ጎማው ገባ። ቀኙም። ግራውም። የተረፈውን በጣቴ ለካሁ፦
አንድ ጣት።
ሰቦንቱ የጫማዋን ጭቃ በደፉ ጠርዝ ላይ ጠረገች፤
«ለሦስተኛው መጋዝ ይፈልጋል» ብላ፣ ሳትስቅ አልፋኝ ገባች።