ሃያ አራት ፈረስ

ከአፉላ ወጣ ብሎ፣ ከጎማ ሱቁ ጓሮ፣
ትንንሹ ትራክተር ቆሟል ተደርድሮ፤
ብርቱካናማው፣ ሰማያዊው፣ ቀለሙ የነጣው፣
ደግሞ ያ ቀዩ፣ ከጃፓን በመርከብ የመጣው፣
ጽሕፈቱን እንኳን እኔ ሹኪም የማያነበው።
ሹኪ ሻጩ ነው። መነጽሩን ከግንባሩ ሰቅሎ
«ሃያ አራት ፈረስ!» አለኝ፣ ጎኑን እንደ በቅሎ
መታ መታ አድርጎ።

«ፈረስ እኛ ዘንድ ለጌታ ነው፣ ወይ ለሠርግ፤
በፈረስ ማን ያርሳል? በበሬ ንገረኝ፣ በወግ።»
ሳቀ። ስልኩን አወጣ፣ ሊያሰላም ሞከረ፤
ስንት በሬ እንደሆነ ግን ሳይነግረኝ ቀረ።

መሬቱ ስድስት ዱናም ነው። ዋልካ ነው።
በጥር ጫማ ይነጥቃል፣ በሐምሌ ስንጥቁ ክንድ የሚውጥ ነው።
ከላይ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ አርባ እግር ወይራ አለበት፣
ከታች ትርንጎ፤ ባለቤቴ ስሟን የተከለችበት፣
ለዳስ በዓል የምንሸጠው፣
አንዲት ጭረት ካየ ገዢ ፊቱን የሚያዞርበት።

እስከ ዘንድሮ የኡዲን ማሽን ነበር የምናስጠራ።
ዝናቡ አባርቶ አፈሩ ሲመች፣ እሱ ሌላ ማሳ ነው በሥራ፤
እሱ ሲመጣ አፈሩ ድንጋይ ሆኗል።
ገብቶ፣ ቅርንጫፍ ሰብሮ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

ትርንጎ ሜትር ይዛ መጣች። እኛ ስለ ፈረስ ስናወራ
ተንበርክካ ጎማ ከጎማ ትለካለች፣ በየተራ።
«ከቅርንጫፍ የተረፈን መንገድ አንድ ሜትር ከስልሳ ነው፤
የማያሳልፈውን፣ ወርቅም ቢሆን፣ ለሌላ ሰው አሳየው።»
ከወንበሩ ኋላ የቆመውን ቅስት ብረት ነቀነቀችና
«ይሄስ ይፈታል?» አለችው፣ ዞር ብላ አየችኝና።
የጎረቤታችንን የዛኪን ስም አላነሳችም።
ሚስቱ ዛሬም በዚያ ተዳፋት አታልፍም።

ልጃችን ናዖር ደወለ፤ «አባ፣ ሰዓቱን እየው፣ ሰዓቱን።»
የሰማያዊው ሺህ ሁለት መቶ ይላል። እኔ አየሁት ፔዳሉን፤
ላስቲኩ አልቋል፣ ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል።
የሸመገለን በሬ ጥርሱን ሞርዶ ወይፈን ነው የሚል ነጋዴ
ለካ ባሕር ተሻግሮም ይኖራል።

አባቴ ባለ እጅ ነበር። ላገሩ ሁሉ ማረሻ
ይቀጠቅጥ ነበር፤ ደሞዙ ቁና እህል ነው፣ በመኸር መጨረሻ።
ስንዝር መሬት አልነበረውም።
የእሱ ብረት ያረሰው ማሳ ሁሉ የሌላ ሰው ነው።
«ብረት አይዋሽም» ይል ነበር፤ «ጆሮህን አስጠጋው።»

ከሹኪ ጠረጴዛ መፍቻ አነሳሁ።
የብርቱካናማውን ክንድ መታሁት፤ ደፈን አለ።
ከቀለሙ ሥር ስብራት ነበረው፣ የተበየደ።
ቀዩን መታሁት። ድምፁ ጠራ፤
ጓሮውን አቋርጦ እስከ መንገዱ ሄደ።

ቀዩ አካፋ የለውም፣ መብራቱ አንድ ዓይና ነው፣ መቀመጫው ተቀድዷል፤
ስፋቱ ሜትር ከሃያ።
«ሠላሳ አንድ ሺህ» አለ ሹኪ። «ሃያ ዘጠኝ» አልኩ፣ ሳልቆይ፣ እንደ ሞኝ።
ትርንጎ ሜትሯን ጠቀለለች፤ «ሃያ ሰባት።
መቀመጫውን እኔ እሰፋዋለሁ።»
ሹኪ እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ።
በሃያ ሰባት ተኩል ጫኑልን።

በመጀመሪያው ጠዋት፣ ረድፉ ሲያልቅ፣ «ተመለስ!» አልኩት ሳላስበው።
አልሰማኝም። ጭሱን ተፍቶ ቀጠለ፤
መሪውን ራሴ አዞርኩት።
ትርንጎ ከዛፎቿ መሃል ቆማ፣ ሜትሩን ቤት ትታ፣
በጣቷ ትለካለች፤
በዚህ ጎን ስንዝር፣
በዚያም ጎን ስንዝር።