የመንገድ ቀብር

ሰው ሲቀበር አይተን ስናለቅስ ኖረን፣
መንገድ ሲቀበር ግን ማን ሙሾ አስተማረን?

በማድሪድ ከተማ፣ ከወንዙ ዳር ሰፈር፣
ስድስት ረድፍ መኪና ሌት ተቀን ሲተም ነበር።
አምስተኛው ፎቅ ላይ ካሲልዳ ትኖራለች፤
ሠላሳ አንድ ዓመት መስኮት ስትወለውል አረጀች።
ጠዋት ያጠበችው ምሽት ላይ ይጠቁራል፤
ነጭ አንሶላ ብታሰጣ ግራጫ ሆኖ ይገባል።
ባሏን ፌርሚንን ሳል ጠናበት፣ ሐኪሙ
"ሲጋራህን ተው" አለው።
እሱ አጭሶ አያውቅም፤ የሚያጨሰው መንገዱ ነው።

የቀብሩ ዝግጅት አምስት ዓመት ፈጀ፤
ሕፃኑ ተማሪ ሆነ፣ ጎልማሳው አረጀ።
ዊልመር ከኤኳዶር፣ ከሎሃ ተራራ፣
ቀን ሳያይ ከረመ ከምድር ሆድ ሲሠራ።
እናቱ በስልክ "ምን ትሠራለህ?" አለች፤
"መቃብር እቆፍራለሁ" ሲላት አለቀሰች።
"የመኪና ነው እማ!" —
ሳንቲሙ አልቋል።

ዋጋውን ማን ያውቃል? ከንቲባው አንድ ቁጥር አሉ፤
ጋዜጣው ሌላ አለ፤ ሁለቱም እየማሉ።

ተቀበረ በሰኔ፣ በአንድ እሑድ ማለዳ፤
አልቃሽ የለ፣ ጡሩምባ ብቻ፣ ሹምና እንግዳ።
ያን ሌሊት ካሲልዳ እንቅልፍ አልወሰዳት፤
ዝምታው እንደ ሌባ በሩን ሲከፍት ተሰማት።
ፌርሚን ከሞተ ወዲህ ያንኮራፋላት የነበረ
ኋላ ገባት፦ መንገዱ ነው፤ እሱም ተቀበረ።

ሣር በቀለበት። ጥድ ተተከለበት።
ያ ቀጭኑ ወንዝ፣ ማንዛናሬስ እንኳ፣
ድምፅ ነበረው፤ ያወራ ኖሯል ለካ።
ኔሬያ፣ የልጅ ልጇ፣ ብስክሌት ተማረች፤
ወደቀች፣ ጉልበቷን ላጠች፣ ተነሣች፣ ደግሞ ወደቀች።
እናቷ በዚያ ዕድሜ፣ ከበረንዳው ብረት ኋላ፣
የጭነት መኪና ነበር የምትቆጥረው በጣቷ።
አንሶላውም ነጭ ወጥቶ ነጭ ገባ።

ሜዳ ሲመጣ ግን ብቻውን አይመጣም።
በጥቅምት ደብዳቤ፣ ከአከራይዋ፣ በጥሩ ወረቀት፦
"ክብርት ወይዘሮ፣ መስኮትዎ አሁን መናፈሻ ያያል፤
የሚያይ መስኮት ደግሞ ዋጋው ከማያየው ይለያል።"
ዕዳ ከሜዳ ማለት እንዲህ ነው፦ ሣሩ ለምልሞ ሳለ
ሥሩን ሲቆፍሩት ሰነድ እየተነቀለ።
ከተማውም ተበድሯል፤
የልጅቱ ብስክሌት በብድር ላይ ይሽከረከራል፤
አድጋ ግብር ስትከፍል ገና ወለዱ ይቆጠራል።

ጭሱም አልተቀበረ፤ እንደ ነፍስ ወጣ፤
በማዶ ሰፈር በኩል፣ በረጅም ቧንቧ መጣ።
እዚያ አንሶላ የምታሰጣ ሌላ ሴት አለች፤
ስሟን አላውቅም።
ለቀብሩ አልተጠራችም።

ዊልመር ዛሬም ታች ነው፤ የአየር ማራገቢያ ይጠብቃል፤
ፀሐይ ስትወጣ ይገባል፣ ስትገባ ይወጣል።
በዕረፍት ቀኑ መጥቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣
ጫማውን ያወልቃል፣
እግሩን ሣሩ ላይ ያሳርፋል፤
ጣራው ነው፤ ከላይ ሲያየው ይገርመዋል።

"ጥሩ ሆነ ወይስ መጥፎ?" ብለው ጠየቋት
ቅጽ የያዙ ወጣቶች፣ አንገታቸው ላይ መታወቂያ አንጠልጥለው።
"ሳንባዬን ጠይቁት፤ ቦርሳዬንም ጠይቁት፤
ለየብቻ" ብላ ሸኘቻቸው።

እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።
ጭሱን ይመልሱት አልል፤ አንሶላዋን አይቻለሁ።
በነፃ ነው የመጣ አልል፤ ደብዳቤዋን አንብቤያለሁ።

ትናንት ማምሻውን ወርዳ፣ ከጥዱ ሥር ቆማ፣
ግራ ቀኝ አየች፤ ሰው የለም።
ሣሩን በተረከዟ ደቅ ደቅ አደረገችው፦
"አንተ! ተኝተሃል?"
ከታች፣ ከሩቅ፣ የሆነ ነገር
እንደ ማንኮራፋት።
"ተኛ" አለችው፣ ነጠላ ጫማዋን እያስተካከለች፤
"ተኛ። ውድ ነው አልጋህ።"