አይነኬ

ስሙ አይነኬ ነው። ያወጣሁት እኔ፣
የዓሣው መጋዘን ዘብ በነበርሁ ዘመኔ።
ያኔ ማን ደፍሮ ይነካው? ጥላው ሲታይ በአጥሩ
ለማኝም ሌባም ይጠፋል ከበሩ።
ጉማሬ ከዓባይ ወጥቶ ሣር ሊግጥ ሲመጣ
እንደ ጎረቤት ጥጃ ይነዳው ነበር በቁጣ።

ዛሬ ስሙ ውሸት ሆነ።
ወገቡ ከዳው፤ የኋላ እግሩ መነመነ።
ባዶ ማዳበሪያ በሆዱ ሥር አሳልፌ፣
ሁለቱን ጫፍ ጨብጬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ደግፌ፣
ወደ ማንጎው ሥር አወጣዋለሁ እንዲሸና።
ሲጨርስ ዞሮ ያየኛል፤ ያፈረ ይመስለኛል፤
እኔም ፊቴን አዞራለሁ ወደ ጣና።

ጣናም ሐምሌ ነው፤ ደፍርሶ፣ ጭቃ ጠጥቶ፣
የዚህን ሽማግሌ ዓይን ይመስላል፣
ነጭ ነገር ተኝቶበት፣ ብርሃኑ ጠፍቶ።

ጠጅቱ መጀመሪያ "ከቤት አይገባም" አለች፤
ጠበሉ ባለበት፣ ሥዕሉ ባለበት፣ ውሻ ከመደብ ሥር!
አንድ ሌሊት ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ
ባትሪ ይዛ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እሷው ወጣች።
ጠዋት ያገኘሁት ከአልጋችን ግርጌ ነው፣
በአሮጌ ጋቢዬ ተጠቅልሎ።
"ምን ላድርግ፣ አልጮኸም እኮ" አለችኝ፤
"ቢጮኽ ኖሮ እተወው ነበር።"

እትዬ ዘርትሁን በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ፦
"ለማዘጋጃ ቤት ንገር፤ በሥጋ ለውሰው ይጥሉለታል፣
ሳይሰማው ያልፋል" ትላለች።
ሳይሰማው!
አምና በገበያው መንገድ ዳር አይቻለሁ እኮ፣
አረፋ ደፍቀው፣ አፈር ቧጥጠው ያደሩትን።
"እሺ" አልኋት።
እሺ ማለትም አጥር ነው።

ሽባባው ባጃጁን አቁሞ በመስታወት አየን፤
"እሱ ስንት ሰው ነው?" አለና የሦስት ሰው አስከፈለን።
ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ የከብት ሐኪም፣
ልቡን አዳመጠ፣ ድዱን ገልጦ አየ፣
"አባት፣ እድሜ ነው" አለኝ፤ "ለእድሜ መርፌ የለም።
ለሕመሙ ግን ይችን፣ ግማሽ ግማሽ፣ ማታ ማታ።"
ግማሿን ክኒን በቆሮሶ ሥጋ ሸሽጌ አጎረስሁት።
ሥጋውን ዋጠ፤
ክኒኗን፣ እንደ ታማኝ ባለሱቅ መልስ፣
ከእግሬ ሥር አስቀመጠልኝ።

የአምባዛ ራስ የሚያስቀሩልኝ የጀልባ ልጆች
"ዋና ዘበኛው እንዴት አደሩ?" ይሉኛል።
"ሥራ ላይ ነው" እላለሁ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ ይባላል።
ይኸው ሦስት ቀኑ፣ መብላትም የለ፣ መጮኽም የለ።
ጅራቱ ብቻ፣ ከደጅ ስገባ፣
መሬቱን አንዴ መታ ያደርጋል፤
አንዴ፤ እንደ ተረኛ ፊርማ።

ትናንት ሌሊት ዝናቡ ካባራ በኋላ
ጉማሬው መጣ። ሰማሁት፣
ከአጥሩ ወዲያ እንቦጩን ረግጦ፣ ሣሩን ሲነጭ፣ ሲተነፍስ።
አይነኬ ጆሮውን አቆመ። ራሱን ከጋቢው አወጣ።
የፊት እግሮቹ ተነሡ፤ የኋላዎቹ አልሰሙም።
ማዳበሪያውን አሳለፍሁ፤ በሩን በክርኔ ገፋሁ፤
ደጃፉ ላይ ቆምን፣ ሁለት ሽማግሌ፣ በአራት እግር፣
ሁለቱ የእሱ፣ ሁለቱ የእኔ።
አፉን ከፈተ።
ትንፋሽ ብቻ ወጣ፣ ሞቃት፣ የዓሣ ሽታ ያለው።

እንግዲህ እኔም ዐሥራ ሦስት ዓመት
በዚህ ውሻ ንቃት ተኝቼ ደሞዝ የበላሁ ነኝ፤
ጮኽሁለት።
ጉማሬው ቆመ። አሰበበት። ወደ ውኃው ዞረ።

ጠጅቱ ከውስጥ፦ "ኧረ ማነው በዚህ ሌሊት የሚጮኸው?"

"አይነኬ ነው" አልኋት።