አሥራ አንድ እርምጃ

ባቡሩ ዝም ሲል፣ ወርክሾፑ ሲዘጋ፣
መፍቻዬን ሰቅዬ ተጠጋሁ ችግኝ ጋ፤
ከዚራ፣ በከተማው ስም በሚጠራው ዛፍ ሥር፣
አሥር ዓመት ከረምኩ ጎማ ይዤ ስዞር።

ነሐሴ ላይ ነበር፣ ደቻቱ ሲቆጣ፣
ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ የመጣ፦
«የየሕዝቡ በዓል በየተክሉ ይታይ፣
ሰሌዳ ይተከል ከየመደቡ ላይ።»

ክብ አድርጌ ቆፈርኩ አሥራ ሦስት መደብ፤
አሥራ ሁለቱ ሰፊ፣ የጳጉሜ ግን ጠባብ፤
አንዲት ሬት ታቅፋ ጥጓን ይዛ ቀረች፣
ሳትጠራ ሰርግ ቤት የመጣች መሰለች።

አደይ ከሐሮማያ፣ በጣሳ ተተክላ፣
በአይሱዙ መጣች ከድንች ጆንያ ኋላ፤
ደንገጎን ስትወርድ ቆላው ሲቀበላት፣
አንገቷን ደፋችው። ጥላ ሠርቼ አጠጣኋት።

ጉርሜሳ ለኢሬቻ ለምለም ሣር ተከለ፣
«በእጅ ሲያዝ ነው የሚያምር፣ አትጨደው» አለ፤
ሌሊት ፍየል ገብታ ግማሹን ስትግጠው፣
«ለሷም በዓሏ ነው» ብሎ ስቆ ተወው።

ዘንባባው ቀድሞኝ ያለ ነው፣
ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም፤
በሆሳዕና ዋዜማ ልጆች አጥር ዘለው ይሰርቁታል።
ሰሌዳ አላስፈለገውም፣ ሌቦቹ ያውቁታል።

ረምላ ከጁገል ያመጣችውን ሪሃን
ማዳም ካሊዮፒ ቀጥፋ አሸተተች፤
«ቄሳችን ጸበል የሚረጭበት!» አለች።
አሰገደች ሰማች፦ «በሶብላ ነው ይኼ!»
ሦስቱ ተከራከሩ እስኪጨልም ድረስ።
ሰሌዳው ባዶ ቀረ።
እጄ ግን እስከ እንቅልፌ ሸተተኝ።

ኢድን ግን የት ልትከላት? መደብ አይበቃትም፣
ቀኗን ጨረቃ ቆራጭ፣ ካሌንደር አይዛትም፤
ዘንድሮ መጋቢት ናት፣ ወደ የካቲት ታዘግማለች፣
በዓመት አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ትሄዳለች።
ሼህ አብዶሽን ጠየቅኩ። ጢማቸውን ዳበሱ፦
«ወር የማትመርጥ አበባ ፈልግ» ብለው ተነሡ።
«አረፋና አሹራስ?» ብዬ ተከተልኳቸው።
«መጀመሪያ አንዷን ግፋ!» በሩ ላይ ነበር ድምፃቸው።

ቦገንቪሊያ! እሷ ናት፣ ክረምት በጋ የማትል።
ከወርክሾፑ ጓሮ፣ ከዝገቱ መሀል፣
የሐዲድ ጋሪ ነበረች፣ እጄ የሚያውቃት፣
አራት ጎማ፣ አንድ ፍሬን፣ የደበዘዘ ቁጥር ያላት።
ቀጭን ብረት አጎብጬ በመደቦቹ ዙሪያ
ሐዲድ ዘረጋሁ። አፈር ሞላሁባት፣
ሂና ከጎኗ አድርጌ፣
ለሹዋሊድም ከሪሃኑ ቆንጠር አደረግሁላት።

አሰገደች አየችና፦ «ፋሲካስ? የኛስ ጎማ?»
«የእናንተዋ በር ናት፣ ትከፈት ትዘጋለች፣
በመጋቢትና በሚያዝያ መሀል ትመላለሳለች፣
ማጠፊያዋን አትለቅም።
ኢድ ግን መንገደኛ ናት።»

ከማዘጋጃ የመጣው ልጅ፦
«ይህ ብረት ፕላኑ ላይ የለም።»
«ጨረቃም የለችም» አልኩት።
ፈረመ።

ሆዳን፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ አምስተኛ ክፍል፣
ጋሪዋ ላይ ተደግፋ በጣቷ ትቆጥራለች፦
«ጥምቀትን ታልፋለች፣ ገና ጋ ታድራለች፣
ኅዳር፣ ጥቅምት… መስከረም ከአደይ ትገናኛለች፣
ከዚያ ነሐሴ፣ ሐምሌ… ዞራ እዚሁ ትመጣለች፤
ሠላሳ ሦስት ዓመት!» አለች።

እኔ ስልሳ ስምንት ነኝ።
ድምሩን ለሷ ተውኩት።

ይልቅ ግራሶው የት እንደሚቀባ አሳየኋት፣
ፍሬኑ ሲጣበቅ በምን በኩል እንደሚመታ።
ትከሻዋን ሰጠች፤ ገፋን።
ጎማው አንዴ ጮኸ፣ እንደ ድሮው፣
ከዚያ ዝም አለ።
አሥራ አንድ ላይ ቆምን።
አበባው ግን ገና ይነቀነቃል።